ኮሶ ያልጠጣንበት ሰኞ

ይድረስ ለቤቴ ምሰሶ፣ ለመሪጌታ ይኄይስ

ከሁሉ አስቀድሜ እናኑ ተሽሏታል። ጎረቤታችን እናኑ፣ ያቺ ከአጥራችን ማዶ ሆና በሳሏ የምትቀሰቅስህ። ክረምቱን ሙሉ ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲነፋ ከርሞ መስከረም ሲጠባ ጋብ አለላት። አሁን ከእኔ ጋር ናት። አንተ ትተኛበት በነበረው መደብ ላይ ነው የምትተኛው፤ ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ። ልጇ ፈንታነሽም በሰላም ተገላግላለች፣ ሴት ናት፣ ጸጉሯ እንደ እናኑ ነው አሉ። የት ሆና እንደ ወለደች፣ እናኑስ ቤቷን ትታ እኔ ዘንድ ለምን እንደ ሆነች፣ ትንሽ ታገሠኝ፣ እነግርሃለሁ።

ከተለየኸኝ አራት ክረምት አለፈ። በሰው ፊት አንቱ፣ በጓዳችን አንተ ስልህ ኖሬ፣ ስትሞት ለቅሶው ላይ አገር ሁሉ ስለ ነበረ አንቱ እያልኩ አለቀስኩልህ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በጓዳችን አነጋገር ነው የምጽፍልህ። ፊደሉን ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፣ ከዳዊት ወዲያ አልሄድኩም፤ ስህተት ብታገኝበት እንደ ልማድህ ጉሮሮህን ጠረግ አድርገህ እለፈው። ሰው ቢያገኘውስ ብለህ አታስብ። ልንፈራው የሚገባው ሰው ፊደል አልቆጠረም።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮውን ግድግዳ ምስጥ በልቶት አስመረግኩት። ከደጃፉ የተከልከው ወይራ ቁመቴን አልፎኛል። ልጃችን ውድነሽ ደብረ ወርቅ ከባሏ ጋር ደህና ናት፤ ሳትዳር ለእሷ ሁሉን ነግሬያታለሁ፣ እናቴ ለእኔ ያልነገረችኝን ሁሉ። አንተ የሄድከው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሳይገባ ነው፤ ስለዚህ ተመስገን እላለሁ። ከከተማው በላይ ያለውን ጉብታ ምሽግ አድርገውታል። የራሳችን ልጆች ሆነው የእነሱን ጠመንጃ የሚሸከሙትን ባንዳ እንላቸዋለን። አገሩ ቀን የጣሊያን ነው፤ ሲመሽ ደግሞ በየጫካው የገቡት አርበኞች ነው።

የእኛን ሰፈር ጭቃ ሹም ደግሞ ማን አደረጉት መሰለህ፤ ቸኮልን። የትኛው ቸኮል እንዳትለኝ። ያው ቸኮል፣ የገዛ ውሻው ስለሚጮኽበት ክታብ ጻፍልኝ ብሎ አንተ ዘንድ የመጣው። ክታብህን በአንገቱ አሥሮ ሲሄድ የሳቅነው ሳቅ እስከ ዛሬ ጎኔን ያመኛል። አሁን ቀይ ጨርቅ በወገቡ አሥሮ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ ይሄዳል። ውሻው አሁንም ይጮኽበታል። በመንደሩ ውስጥ አእምሮው ያልተዛነፈ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፣ ውሻው ማለቴ ነው።

አሁን የምነግርህ የኮሶ ነገር ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ኮሶ ሳይጠጣ አይኖርም፤ በሆዳችን ያለው ትል ሹምና ድኻ አይለይም። አንተም ትጠጣ ነበር፣ ጠጥተህ ፊትህን እንደ ተገረፈ ተማሪ አጨማድደህ ቀኑን ሙሉ ከጓሮ ትመላለስ ነበር። የሰፈራችን ሴቶች ግን ኮሶ የምንወቅጠው በአንድ ሙቀጫ፣ የምንጠጣውም በአንድ ግቢ ተሰብስበን ነው። ሙቀጫው የእኔ ነው፤ የእናቴ ነበረ። እናንተ ወንዶች ይህን የምናደርገው ለጨዋታ ይመስላችሁ ነበር። ጨዋታም አለበት፣ አልዋሽህም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቅሪት የሆነች ሴት ኮሶ አትጠጣም፤ ኮሶ የሚያወርደው ትሉን ብቻ አይደለምና። ስለዚህ ወደ ሙቀጫው ያልቀረበች ሴት ነገሯ ታወቀ ማለት ነው። ባል ሳይሰማ ሙቀጫ ይሰማል። እገሊት ኮሶዋን ዘለለች ከተባለ እናቷ ለገንፎ የሚሆን ገብስ መልቀም ትጀምራለች። በደጉ ቀን ይህ መልካም ልማድ ነበር፤ አፍ አውጥታ ለመናገር ያፈረችው ሴት ሳትናገር ይታወቅላት ነበር። በክፉ ቀን ግን ክፉ ሰውም ልማዱን ያውቀዋል።

ክፉው ቀን መጀመሪያ ትርንጎን በላብን። ታስታውሳታለህ፤ እናትም አባትም የሌላት፣ አንተ ዳዊት ስትደግም ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታዳምጥህ የነበረችው ልጅ። የሚያስጠጋት ሲጠፋ ከምሽጉ ሥር ጠላ መሸጥ ጀመረች። እዚያ ጠላ የሚሸጡትን ሴቶች የምሽጉ ሐኪም በየሳምንቱ አሰልፎ ያያቸዋል። ማየት ስልህ እንደ በቅሎ ነው፤ ጥርስ ሲቀረው። ንጹሕ ናት ካላት ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ በአንገቷ ያንጠለጥላል፤ አይደለችም ካላት ወደ አንድ አዳራሽ ያስገቧትና ይቆለፍባታል። ወታደሮቹንስ ማን ያያቸዋል? ማንም። በሽታው ከሰማይ የሚወርድ፣ ሴት ላይ ብቻ የሚያርፍ መስሎታል የተማረው ሰውዬ። የእሱ አገር ትምህርት ይህ ከሆነ እኔ ዳዊቴ ይበቃኛል።

ትርንጎ ሆዷ ገፋ። ከማን እንደ ሆነ አትጠይቀኝ፤ እሷም የምትጠራው ስም አልነበራትም። ለእኛም ነገረችን ብልህ ውሸት ነው። ከእኛ ሙቀጫ ቀርታ ብቻዋን ወቀጠች፣ ብቻዋን ጠጣች፣ ሰው ለትል ከሚጠጣው እጅግ አብዝታ። ስንደርስላት በጎጆዋ ውስጥ ኩርምት ብላ ቀዝቅዛለች። የደብራችንን አለቃ ይፍቱልን ብለን ለመንን። ነፍስ አጥፍታ የሞተች ናት፣ ፍትሐት የላትም፣ ከቅጥሩም አትገባም አሉ። ከቸኮል እርሻ ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ቀበርናት። እኛ ሴቶቹ ነን የቆፈርነው። ወንዶቹ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ አሁንም አስፉት እያሉ ያስተምሩን ነበር።

ለዚያች ልጅ ስለ ገላዋ አንዲት ነገር የነገራት ሰው አልነበረም። እናት የላት። እኛም ነውር ነው ብለን ዝም። ነውሩ ግን ሬሳዋን አልተሸከመልንም፤ እኛው ነን የተሸከምናት።

ያን ቀን ነው የናፈቅኸኝ። እኔን ያቆየኝ ማን እንደ ሆነ አስታወስኩ።

ከውድነሽ በኋላ በወለድኩት ልጅ ምጡ እንዴት እንዳንገላታኝ አንተ ከግድግዳው ወዲያ ሆነህ ሰምተሃል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነህና አራስ ቤት አትገባም፤ በረንዳው ላይ ድርሳነ ማርያም ይዘህ ተቀምጠህ ነበር። ልጁ ሳይጠመቅ ሞተ። አዋላጇ ጨርቋን እየጠመዘዘች፣ ከእንግዲህ ሌላ ከመጣ እናትም ልጅም አብረው ነው የሚሄዱት ስትል አንተ ሰምተሃል፤ ገጽ ስትገልጥ የነበረው እጅህ ቆመ አሉኝ። አርባው ቀን ሲሞላ ገባህ። የጽጌን ጾም ያዝክና መደብህን ለየህ። ማንም ያላዘዘህን የፈቃድ ጾም። እሱ ሲያልቅ ጾመ ነቢያት ገባ። ከገና ማግስት ምን ይውጠው ይሆን ብዬ በሆዴ ስጠብቅ፣ አንተ ለየቅዱሱ ዋዜማ አበጀህለት። ጊዮርጊስ ነው፣ ሚካኤል ነው፣ ዛሬማ የማላውቀው ጻድቅ ነው። ሁዳዴ ሲደርስ ሁለታችንም ተነፈስን። አገር ሁሉ ፋሲካን ሲናፍቅ እኛ እንፈራው ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለ፣ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። አንተ በትንሣኤ ማግስት መቋሚያህን ይዘህ መርጡለ ማርያም ሱባኤ ልገባ ነው ብለህ ወጣህ። ሰው በፋሲካ ሱባኤ ይገባል? ተማሪዎችህ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድምህማ ሚስትህ ነጥፋለችና ሌላ ፈልግ አለህ። አለቃ በዐውደ ምሕረት ላይ አንተን ምሳሌ አድርገው አመሰገኑ፣ ጾመኛ ማለት መሪጌታ ይኄይስ ነው አሉ። ጾሙ ለማን እንደ ሆነ ቢያውቁ ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር አሁን አውቄዋለሁ።

ለእኔ የነገርከኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሽሮውን አቅርቤልህ፣ እኔ ለመንግሥተ ሰማያት አይደለም የምጾመው ጥሩ፣ ላንቺ ነው አልከኝና ጎረስክ። ያን ዕለት የበላነው ሽሮ ቅቤ የገባበት ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ ፈንታነሽ ልመለስ። ባሏ አለነ ጮቄ ተራራ ላይ ካሉት አርበኞች ጋር ነው። አንዳንድ ጊዜ ይወርዳል። መቼ፣ በየት በኩል፣ እኔ አላውቅም፤ ባውቅም አላውቅም። ግንቦት ሲያልቅ ለኮሶ ስንሰበሰብ ፈንታነሽ ቀረች። እናቴ ታማብኝ ነው አለች። ማንም አላመናትም፣ ማንም ደግሞ ትንፍሽ አላለም። ሆኖም ሙቀጫ የሰማው ነገር መንገድ አያጣም፤ ከቸኮል ጆሮ ደረሰ። ከምሽጉ ደግሞ ትእዛዝ ወርዷል። ባሏ ጫካ የገባ ሴት ካረገዘች ባሏ ይመላለሳል ማለት ነው፣ እሷን ያዟት፣ እሱ በእግሩ ይመጣል የሚል። የጀግና አዋጅ ነው ይህ። ባሏን ፊት ለፊት መግጠም የፈራ ጦር የሚስቱን ሆድ ይጠብቃል።

ቸኮል ልጂቱን በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ቢልክ ይችል ነበር። ግን ምስጋናውን ከሐኪሙ ጋር መካፈል አልፈለገም። ፈረንጅ ሐኪም ምን ያደርግልናል፣ የእኛ አገር ሐኪም ኮሶ ነው አለ። ሰኞ ጧት የሰፈሩ ሴት ሁሉ በጭቃ ሹሙ ግቢ ተሰብስባ ትጠጣለች፣ ፈንታነሽም በተራዋ ትጠጣለች ብሎ አስለፈፈ። ከጠጣች ባዶ ናት፣ ትለቀቃለች። እንቢ ካለች እይዛታለሁ። እስከዚያው ከእናኑ ደጅ ሰው አቆመ። በጥበቡ ራሱን በራሱ ሲያደንቅ ላየው ሰው፣ ሰለሞን ከመቃብር የተነሣ ይመስል ነበር። ብትጠጣ ምን እንደምትሆን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ትርንጎ የተቀበረችው ከእርሻው ዳር ነው፣ ሲያርስ ያልፋታል። ብትሸሽ ደግሞ እናኑ በዚያ ደረቷ የት ትደርሳለች።

ወደ አለቃ ሄድኩ። ባለቤትህ ስለሆንኩ መቼም ወንበር አይከለክሉኝም። አባቴ፣ ትርንጎን ኮሶ ጠጣች ብለው ፍትሐት ከለከሏት፣ ለፈንታነሽ ደግሞ ጠጪ የሚለውን ዝም ይላሉ ወይ አልኳቸው። ያቺ ፈቅዳ ጠጣች፣ ይቺ ታዝዛ ትጠጣለች፣ በፈቃድና በትእዛዝ መካከል ልዩነት አለ አሉኝ። ልዩነቱንማ አየሁት፤ ሴቲቱ ስትፈቅድ ኃጢአት ነው፣ ወንድ ሲያዛት መድኃኒት ነው። ላዘዘውስ ምን ተጽፎለታል አልኳቸው። መቋሚያቸውን አንሥተው የቅዳሴ ሰዓት ደረሰ አሉ። ጊዜው ገና ረፋድ ነበር፣ የሰኔ ጾምም አልገባም። ባወራሁላቸው ሁሉ እሺ እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው ነበርና ገረመኝ። ያ ነቅናቂ ራስ ለካ አንገቱን ማላላት ብቻ ነው ሥራው።

እንግዲህ የቀረን ሙቀጫው ነው። ቅዳሜና እሑድ ከቤት ቤት ዞርኩ። እሳት ልጫር፣ ጨው ስጡኝ እያልኩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አልኳቸው፤ አንዲት ሴት ኮሶ ከዘለለች ትያዛለች፣ ሁላችንም ከዘለልን ማንን ይይዛል? አንዳንዷ እሺ አለች። አንዳንዷ ባሌን ልጠይቅ አለች፤ ለእሷ ያልነገርኳት ያህል ይሁን ብዬ ተመለስኩ። የቸኮልን ሚስት አበቡን ግን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልንገራት፣ ከአንበጣ ቤት ጤፍ አደራ ማስቀመጥ ይመስላል።

ሰኞ ጧት በቸኮል ግቢ ተሰበሰብን። ከምሽጉ የተላከ አንድ ባንዳ ጠመንጃውን አቅፎ ከግንዱ ላይ ተቀምጧል። አለቃ አልመጡም፣ እግራቸውን አሟቸው ነበር አሉ። ኮሶው ተበጥብጦ በገንቦ ቀርቧል። ፈንታነሽ ከመጨረሻው ቆማለች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፤ የእናኑ እጅ በእጇ ውስጥ ነው። በሰፈራችን ልማድ የመጀመሪያው ዋንጫ የባለሙቀጫዋ ነው። ቸኮል ራሱ ቀድቶ ሰጠኝ።

አልጠጣም አልኩ። ለምን አለኝ። አርግዣለሁ አልኩት።

እንኳን ሰዉ ባንዳው ሳቀ። ቸኮል ቀይ ጨርቁን ላላ አድርጎ፣ እትዬ ጥሩ፣ ባልሽ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ከማን ነው የምታረግዢው አለኝ። ይቅርታህን እየለመንኩ የመለስኩለትን ልንገርህ። ከባሌ ነዋ አልኩት፤ በሕይወቱ ሳለ ለእኔ ብሎ ዓመት እስከ ዓመት ሲጾም ኖረ፣ አሁን ሞቶ ፈሰከ። እንደዚህ ብዬ በአደባባይ ስምህን አነሣሁ። ከነፍስህ ብትቀየመኝ ልክ ነህ፤ ግን አንተም ብትኖር ጉሮሮህን ጠርገህ ፊትህን አዙረህ ትስቅ ነበር።

ከእኔ ቀጥሎ እማሆይ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ከመነኮሱም ዘመን አልፏል፣ እጃቸውን ይዘን ነው ያመጣናቸው። ዋንጫው ሲነካቸው እኔም ደርሶኛል ልጄ፣ ለሣራ በዘጠና ዓመቷ የሰጠ ለእኔ ምን ይሳነዋል አሉ። ቸኮል መጽሐፍ አያውቅ፣ የሚያውቁት ደግሞ እግራቸውን አሟቸዋል። እናኑ ተራዋን ሳትጠብቅ ከመጨረሻው ሆና እየሳለች እኔም አለች። ከእማሆይ ቀጥላ ያለችው እኔም አለች፣ ከእሷም የቀጠለችው።

ያኔ ቸኮል ተቆጣ። ሹፈት ነው ይሄ፣ ያልጠጣች ሁሉ ዛሬ ወደ ምሽግ ትነዳለች አለ። ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ምሽግ ሲባል ሰው ያስባል ይኄይስ፤ ልጅ ያላት ልጇን፣ ላም ያላት ላሟን። ከመስመሩ መካከል አንዲት እጅ ወደ ዋንጫው ስትዘረጋ አየሁ፤ የማን እጅ እንደ ሆነ አልነግርህም፣ አልፈርድባትም። አንዷ ከጠጣች ሁለተኛዋ ትጠጣለች፣ ከዚያ ፈንታነሽ ብቻዋን ትቀራለች።

በዚህ መካከል አበቡ ከቤት ወጣች። ጡት የሚጠባ ልጅ በክንዷ፣ ሌላው ቀሚሷን ይዞ። መጥታ ከመስመሩ ውስጥ ገባች፣ ከፈንታነሽ ጎን ቆመች። የእኔንም ተራ ዝለለው፣ እኔም አልጠጣም፤ የምትነዳ ከሆነ አብረህ ንዳኝ አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ባል ለመጥራት ያህል እንኳን አልጮኸችም። ባንዳው በሳቅ ጠመንጃውን ሊጥል ነበር። ጭቃ ሹም፣ ሚስትህን በየት በኩል ልሠራት፣ በእጇ ወይስ በእግሯ ይላል። ቸኮል ዋንጫውን እንደያዘ ቆመ። ኮሶ በእጁ ይዞ እንደ ቆመ ሰው የሚያሳፍር ነገር አላየሁም፤ ራሱ የጠጣው ይመስል ፊቱ ተጨማደደ። ሂዱ፣ ከፊቴ ጥፉ አለን። ሄድን። ሙቀጫዬንም ተሸክሜ ሄድኩ።

ባንዳው ወሬውን ምሽግ አደረሰው። በዚያ ሰፈር ካሉት ሴቶች እማሆይ ሳይቀሩ ሁሉም እርጉዝ ናቸው ብሎ አወራ አሉ። ቸኮል የሳቅ ዕቃ ሆነ፤ ከእናኑ ደጅ ያቆመውንም ሰው አነሣ፣ ጠባቂው በታየ ቁጥር መሳቂያነቱን ያስታውሰው ነበርና። ፈንታነሽ ወደ መርጡለ ማርያም ከሚሄዱ መንገደኞች ጋር ተቀላቅላ ወጣች፤ ከመንገድም ጮቄን ያዘች። ባሏ ዘንድ ናት፣ እዚያው ወልዳለች። ቸኮል መሄዷን ሲሰማ የእናኑን ቤት አቃጠለው። ሹመት ማለት ለእሱ ይህ ነው፤ ወንዱን ቢያጣ ሣር ክዳን ይገጥማል። እናኑንም ሊወስዷት ባንዶች መጥተው ነበር። ከበራፌ ላይ ቆመው ሳሏን ሲሰሙ፣ ይቺማ ደዌ አለባት ብለው አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ተመለሱ። እናኑ እስከ ዛሬ፣ ሰው በጤናው የማይከበርበት ዘመን ላይ ደረስኩ እያለች ትስቃለች። ሲስቅ ሰው የተቃጠለበትን ቤት ይረሳል ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ጧት አመዱን ለማየት ከአጥሩ ትወጣለች።

ከዚያ ወዲህ ሙቀጫው ዘንድ ወሬው ተለውጧል። ያደጉትን ልጆች ከዳር ማቆም ትተናል፤ ከመካከላችን አስቀምጠን እንነግራቸዋለን። ደም ሲዘገይ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ኮሶ ቅሪት ለሆነች ሴት ሞት እንደ ሆነ፣ አለጊዜዋ የተዳረች ልጅ ምጥ ላይ ምን እንደሚያገኛት፣ ልጅ ከልጅ ቢራራቅ ለእናትም ለልጅም ዕድሜ እንደ ሆነ። መጀመሪያ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አሁን እነሱ ናቸው የሚጠይቁን፣ አንዳንዱን እኔም አላውቀውም። አለቃ ሰምተው ሴቶቹ በሙቀጫ ዙሪያ ምን ይዶልታሉ ብለው ጠየቁ አሉ። ኮሶ ነዋ የምንወቅጥ፤ የጠገበው ሁሉ ይጠጣው።

የትርንጎን መቃብር በድንጋይ ከበብነው፣ አረም እነቅላለሁ። ፍትሐት ባይደርሳትም ስታዳምጥህ የነበረውን ዳዊት እንደ ቻልኩት አነብላታለሁ፤ የምሳሳትበትን አንተ ከዚያ ሆነህ አርምልኝ። የአንተንም ጾም በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም። ዝክርህን የምዘክረው በጠላና በዳቦ ብቻ አይደለም፤ ለማን ትጾም እንደ ነበር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እየነገርኩ ነው።

የሚጠይቀኝም አለ። ይኸው ትናንት አበቡ መጣች። ወንፊት አውሺኝ ብላ ነው የመጣችው። ወንፊቱን ሰጠኋት፣ አልሄደችም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናኑ ነገር ሲገባት ታውቃለህ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንቅልፍ ወሰደኝ አለች፤ ሳሏ እንኳን ያን ሰዓት ተኛላት። አበቡ የወንፊቱን ከንፈር በጣቷ እየዳሰሰች፣ አንዱ ጡት ሳይተው ሌላው ይመጣብኛል እትዬ ጥሩ፣ ያለፈው ጊዜ ደሜ አልቆም ብሎ ነጭ ሆኜ ነበር አለች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ያ ሰኞ ዕለት ያነሣሽው፣ የመሪጌታ ጾም፣ እንዴት ነው የሚጾመው አለችኝ።

ነገርኳት። አሁን ጾመ ነቢያት ነውና ከዚህ ጀምሪ አልኳት። ከገና ማግስትስ አለች። ዋዜማ ፈልጊለት፣ ቅዱስ አይጠፋም አልኳት። ከፋሲካ በኋላስ አለች። ለዚያ መርጡለ ማርያም አለ፤ እሱ ካልሄደ አንቺ ተስለሽ ሂጂ አልኳት። ልጁንም ጡት ቶሎ አታስጥዪው፣ ሆኖም ይህ ሁሉ ያግዛል እንጂ ቁልፍ አይደለም ብዬ እውነቱን ነገርኳት። እሱስ እሺ ይላል ወይ ስላት፣ አለቃ በዐውደ ምሕረት ጾመኛ ብለው እንደሚያመሰግኑት ነግሬው ይህን ጾም እንኳ ከትናንት ወዲያ ጀምሯል፣ ለብቻው መደብ ላይ ተኝቶ እየደገመ ነው፣ የሚደግመው ግን አንዲት መስመር ብቻ ናት አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከግድግዳው በኩል የተኛችውም ሳቀች።

ወንፊቱን ረስታው ወጣች። ከደጃፉ፣ ከወይራህ ሥር ደርሳ ዞር አለችና፣ ያንቺ ባል ላንቺ ብሎ ጾመ፣ የእኔ ለአለቃ ምስጋና ይጾማል፤ ለማኅፀኔ ግን አንድ ነው አለች።